ሳትጓዝ ቺንጊያዋ ስለተበጠሰባት የሕሙማን መኪና

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ይልማ ገብረሚካኤል፣ የወረዳችን ገዥ፤

ክቡር ሆይ፤ የቆላው ሙቀት ሳይደፍርዎ፣ የወባዋም ትንኝ እንደኛ እንደ ባለጉዳዮቹ ከአጎበርዎ ውጭ ቆማ እያደረች፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ምስጋና ይግባውና ለአምላክ፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሰይፉ፣ የሕሙማን መኪናችን ሹፌር፣ «የሕዝብ ንብረት አጥፍቷል» ተብሎ በትእዛዝዎ ከታሰረ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶናል፤ ለዚህም ውለታዎ አለብን። ማመልከቻዎቼ ከደጅ ጠባቂዎ አላልፍ ቢሉኝ ይህን በገበያ ቀን ለሰሚ ሁሉ እንዲነበብ ጽፌዋለሁና ድፍረቴን ይለፉልኝ።

፩ኛ፤ ያቺን መኪና የአካባቢው ሰው ማሽላውን ሸጦ የገዛት፣ ምጥ የጠናባትና ወባ የጣለው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዲደርሱባት ነበር። እርስዎ ግን ታማሚ በሌለ ቀን ቆማ መዋሏ አንጀትዎን በልቶት፣ ወደ ብርቱካን እርሻዎ ስትመላለስ እንድትውል አደረጉ። ሙክት ጭናም አጣዬ ስትገባ ያየ አለ። ብርቱካንና ሙክትም እንደሚታመሙ ያወቅነው በእርስዎ ዘመን ነውና እናመሰግናለን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎን የሚቆጭዎት ነገር አይኖርም።

፪ኛ፤ ይህ ምልልስ እንዳይታወቅ የኪሎሜትር ቆጣሪዋን ሽቦ አስፈቱ። ባለቤቴ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ቢያመለክት፣ ሹፌር መንገዱን እንጂ ቁጥሩን አይመለከትም ብለው ገሠጹት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሁለት ክረምት ሙሉ ስትሮጥ ከርማ ዕድሜዋ አልጨመረም። የከተማው ሴቶች ይህን ሰምተን፣ እኛም እንዳናረጅ የትኛው ሽቦ ቢፈታልን እንደሚበጅ ልንጠይቅዎ አስበን ነበር።

፫ኛ፤ በዚች በአዲሷ መኪና ሞተር ውስጥ፣ በድሮው ሰንሰለት ፈንታ፣ ቫልቭና ፒስተኑን አስማምቶ የሚያዞር ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጊያ አለ። ሰንሰለት ሲያረጅ ይንኳኳል፣ ይጮሃል፤ ይህ ግን ጠዋት ደህና መስሎ ከሰዓት ይበጠሳል። ስለዚህ የሚቀየረው ሲበጠስ ሳይሆን፣ የተጓዘው ኪሎሜትርና የቆየበት ዓመት ታይቶ ነው፤ እንደኛ ሙቀትና አቧራ ባለበት አገር ደግሞ ቀደም ይላል። እስኪበጠስ የጠበቀ ሰው ቺንጊያውን ብቻ ሳይሆን ቫልቩንም ፒስተኑንም ያጣል። መካኒኩ አቶ ወርቁ ይህን ሁሉ አስረድቶ፣ ባለቤቴም ይቀየር ብሎ ለምኖ ነበር። እርስዎ በራስዎ እግር መጥተው፣ እርስዎ ያስቆሙትን ቁጥር በመነጽርዎ አዩና፣ መኪናዋ ገና ልጅ ናት፣ ደግሞም ምንም ድምፅ አታሰማም ብለው ተመለሱ። አቤት የማይል ሁሉ ደህና ነው ብሎ ማመን ከሹመትዎ ጋር የመጣ ልማድ ስለሆነ አልፈርድብዎም።

፬ኛ፤ ሙሚና የምትባል የካራቆሬ ገበሬ ሚስት ምጥ ጠንቶባት በዚያችው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ፣ አርማንያን አልፈው ዳገቱ ላይ ቺንጊያው ተበጠሰና ሞተሩ ጸጥ አለ። ባለቤቴና ባሏ የጭነት መኪና እስኪያገኙ ፀሐይ ላይ ቆዩ። ሙሚና ተረፈች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ። በዚህኛው ላይ ምስጋና የለኝም። አዝኛለሁ፣ ተቃጥያለሁም። እሷ ከአራስ ቤት እንደወጣች ለባለቤቴ ስንቅ ቋጥራ እስር ቤት ድረስ መጣች፤ አላህ የሚያውቀውን አንተ ላይ አልጭንም አለችው። እርስዎ ስሟን እንኳ ስላልጠየቁ ነው ከላይ የጻፍኩልዎ።

እንግዲህ ማክሰኞ ችሎት የሚቀርበው ክስ፣ ሰይፉ አርማንያ ዳገት ላይ በግድየለሽነት ሞተር አቃጠለ የሚል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆኑን አገር ያውቀዋል። ቢሆንም እኔ የእርስዎን ቃል የማከብር ሴት ነኝ። በእርስዎ ቁጥር ከሄድን፣ ያቺ መኪና ሁለት ክረምት ከግቢው በር አልወጣችም። ከበር ያልወጣችን መኪና አርማንያ ላይ የሚሰብር ሹፌር እንዴት ይገኛል? ቁጥሩ እውነት ከሆነ ባሌን ይፍቱልኝ። ሐሰት ከሆነም ማን እንዳስቆመው ዳኛው ፊት ይንገሩልኝና፣ የእሱ መንገድና የእርስዎ መንገድ አብረው ይቆጠሩ።

ጤናዎን፣ ወንበርዎን፣ የብርቱካንዎንም ፍሬ አምላክ እንደ ሥራዎ መጠን እንዲያበዛልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሣት የምሰናበትዎ፣

ደብሪቱ ታከለ፣
የእስረኛው የሰይፉ ባለቤት

ማስታወሻ፦ የማክሰኞው ችሎት ዕለት ባጋጣሚ አዲስ አበባ ጉዳይ አለብዎት ሲባል ሰማሁ። ለመንገድ የተዋሱት መኪናም ሞተሩ እንደ ፊተኛዋ ባለ ቺንጊያ ነው አሉ፤ የቆጣሪውንም ሽቦ ገና በመጣ በሳምንቱ እንዳስፈቱት ሰምቻለሁ። የጣርማበር ዳገት ላይ ምንም ድምፅ ካልሰሙ፣ ሁሉም ደህና ነው። መንገዱን ያቅናልዎ።