ታንጎ ለሁለት ሰው

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬ ብቻዬን ሄድኩ። የታንጎውን ትምህርት ቡክ ያደረገው ግርማ ነው፤ ትዳራችንን እንጠግን ብሎ፣ ለሁለት ሰው። ባለፈው ወር ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ካንስል ማድረጉን እንኳ ረሳው። እኔም ልተወው ነበር፤ ልጄ ሳራ ናት «ማሚ፣ ፕሊስ ሂጂ» ብላ የለመነችኝ።

አዳራሹ ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ሙዚቃው ገና ሲጀምር ትከሻዬ በራሱ ጊዜ እስክስታውን ጀመረው። አስተማሪዋ መጣችና በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ «እሱን አሳርፊው» አለችኝ። ምን ላድርግ? እኛ የምንጨፍረው ፊት ለፊት ቆመን፣ ሳንነካካ ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር እኔና ግርማ ተቃቅፈን ጨፍረን አናውቅም።

«ጀማሪ ሁሉ እግሩን ያያል» አለች አስተማሪዋ። ስለዚህ ሴቶቹ ዓይናችንን ጨፍነን፣ የያዘን ሰው እስኪመራን እንድንጠብቅ መከረችን። ያጣመሩኝን ሰው ይዤ ጨፈንኩ። ለካ ይቻላል፤ ሳልደናቀፍ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ደስ ሁሉ አለኝ።

ከዚያ «ተቀያየሩ» አለች። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ የሚመጣው ሰው ትከሻ ላይ ላሳርፍ ብዬ እጄን አነሳሁ። ምንም አልነካሁም።

«ከታች ነኝ» አለኝ አንድ ሰው ቀስ ብሎ። ዓይኔን ገለጥኩ። አጭር ሽማግሌ ነው፤ ፈገግ ብሎ ያየኛል። እጄ ከጭንቅላቱ በላይ፣ ልክ በግርማ ትከሻ ቁመት አየር ላይ ቆሟል።

ሶሪ አልኩት። እጄን ማውረድ ግን አቃተኝ።