ለጠፋ ሰው ያልተነፋው ጡሩንባ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ ገብርኤል፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ጎረቤላ፣ አንኮበር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና መላ ቤተሰብዎ በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለመጻፍ የሚበቃ እጅ ቀርቶልኛል። ቀስ ብዬ ስለጻፍኩት ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የእድሩ ጡሩንባ ሲነፋ ደጄ ላይ ቆሜ እርስዎን መረቅሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ወልደኪዳን በጉም ውስጥ ወጥቶ ስለጠፋ፣ ሰው ተጠርቶ እንዲፈለግ ጡሩንባው ይነፋልኝ ብዬ ለምኜዎት ነበርና፣ ሐሳብዎን የቀየሩ መስሎኝ ነው። የተነፋው ግን አባቷን ፍለጋ ብቻዋን በአሊዩ አምባ ቁልቁለት ለወረደችው ልጄ፣ ለምስራቅ ነበር። ገደል ውስጥ ያገኟት ገበያተኞች በቀጥታ ወደ እርስዎ ስለመጡ፣ መርዶዬን ከጡሩንባ ሰማሁ። አባቷ በራሱ እግር ተመልሶ መጥቷል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ደንቡን ስላላዛነፉ አመሰግናለሁ። ጡሩንባ ለሞተ እንጂ ለጠፋ እንደማይነፋ፣ እድሩም ለቀብር እንጂ ሽማግሌ ለመጠበቅ እንዳልተቋቋመ በትሕትና አስረድተውኛል። ልጄ ደንቡን ለማሟላት ሦስት ሰዓት አልፈጀባትም።

2ኛ. ስለ ቀብሩ አመሰግናለሁ። በአንድ ጥሪ ከየቤቱ ያን ያህል ሰው ሲወጣ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው መኖሩን አወቅሁ። ምስራቅ የደብረ ብርሃን ሥራዋን ትታ አባቷን በጠበቀችባቸው አራት ዓመታት፣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ያሳረፋት ስላልነበረ፣ ሁላችሁም ሩቅ አገር የሄዳችሁ መስሎኝ ነበር።

3ኛ. ወልደኪዳንን ሰይጣን ለክፎታል ብላችሁ ከደጃችን ስለራቃችሁ፣ ቤታችን ጸጥ ብሏል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው እንዳለን ነግሬዎት ነበር፤ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ለሃያ ዓመት ያንን ጡሩንባ ሲነፋ የኖረው፣ ለአባትዎም ቀብር ሰፈሩን የጠራው እሱ መሆኑን ግን እንደማይረሱ አምናለሁ።

አሁን የምፈራውን ልንገርዎ። በየቀኑ ምስራቅ የት ሄደች ይለኛል። ሞታለች ስለው እንደ አዲስ ስለሚያለቅስ፣ ትመጣለች ማለት ጀመርኩ። እሱም ሊቀበላት ይወጣል። በሩን በገመድ አስራለሁ፤ ይፈታዋል። ውኃ ቀድቼ የምመለሰው በሩጫ ነው። ጉም በወረደ ቁጥር በሩን ተደግፌ እቀመጣለሁ።

የምለምነው በደንባችሁ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲጠፋ ጡሩንባ ይነፋ፣ በገበያ ቀንም ከጎረቤት አንድ ሰው በተራ አጠገቡ ይቀመጥ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሥርዓት የተቀበረች ልጅ እናት፣
አዛለች

ማሳሰቢያ፦ ጡሩንባው ለእኔ በሚነፋበት ቀን፣ ሁላችሁም በደንቡ መሠረት ወደ ቀብር ስትወጡ ወልደኪዳን ቤት ውስጥ ብቻውን ይሆናል። ከቀብሬ ቀርቶ እጁን የሚይዝለት ሰው ቢገኝ፣ እንደ ቀሪ ቆጥራችሁ እንዳትቀጡብኝ ከወዲሁ እለምናለሁ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ደግሞ ልጄን ምስራቅን፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስን፣ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።