የንዋይ ታፔላ

ጥር 17 ቀን 1975፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ ዛሬ ቀለል ብሏል። ለነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ቱታ ስሰፋ ዋልኩ። ከሰዓት ጎረቤቴ ዘነበች ከሸቀጥ ሱቋ ሮጣ መጣች። «አንቺ ማንጠግቦሽ፣ ሰማሽ? ልንነሳ ነው!» ወደቡ በር ላይ ያለን ባለሱቆች በሙሉ ወደ አዲሱ የገበያ ሕንፃ እንገባለን አሉ። ቬንቲላተር ሁሉ አለው። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ ግን ወደ ወደቡ ዞሬ አየሁ። ባሌ ከጀልባ ሲወርድ የሚያውቀው ይህንን በር ነው።

ንዋይ ከሄደ አራት ዓመት። የሰፋውን ልብስ በይሉል ለምትባለው የባሕር ዳር መንደር አድርሶ ሊመለስ በጀልባ ወጣ፤ እሱም ጀልባውም የገቡበት ጠፋ። ሰጠሙ የሚል አለ። የመን ተሻገሩ የሚል አለ። እኔ የማምነውን አምናለሁ።

ጥር 24

የታፔላ ኮሚቴ ተቋቁሞልናል። ሁሉም ታፔላ አንድ ልክ፣ ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ጽሕፈት። ንድፍ ይቀርባል፣ ይገመገማል፣ ማህተም ሳያርፍበት ሚስማር አይመታም። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጭንቅላትና መቀስ ስሎ ቢያመጣ «ጭንቅላት ለብቻው ምን ማለት ነው?» ብለው አፋጠጡት። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

እኔ ቀለሙ ምን አገባኝ? «ንዋይ ልብስ ስፌት» ይባልልኝ ብቻ።

የካቲት 3

ሑመድ መጣ። በጀልባው የመን፣ ሞካ ድረስ ይነግዳል፤ በተመለሰ ቁጥር ሳልጠይቀው ይነግረኛል።

«ወላሂ ጠይቄያለሁ እህቴ። አላገኘሁትም። ግን ኢንሻአላህ...»

ያቺን «ግን» እወዳታለሁ። ለወር ታኖረኛለች።

ንዋይ ናፈቀኝ። ሲሰፋ የሚያንጎራጉረውን፣ ደንበኛ ሲቆጣ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆነውን። ያኔ ያናድደኝ ነበር እኮ! አሁን ያንን ንዴት የት ላግኘው?

የካቲት 15

ንድፌ ቀረበ። ሰብሳቢው ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደለም። ረጋ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ንዋይ ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«የት ነው ያለው?»

ንድፌን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት።

«ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው። የሌላ ሰው ስም እንዲሰቀል ሰውየው ራሱ ቀርቦ ይፈርማል። ወደ ውጭ የኮበለለ ከሆነ ስሙ አይሰቀልም። ሞቶ ከሆነ ግን የሚስት መብት ነው፤ ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ።»

«የማይታወቅ ቢሆንስ?»

«እሱማ እዚህ መልስ የለውም።»

ሲመለስ እንዲያገኘኝ ስሙን ልስቀል፤ ስሙን ለመስቀል ሞቷል ልበል? ወይ ጣጣ!

የካቲት 18

ዘነበች፦ «በራስሽ ስም አስጽፊውና ተገላገይ።» ተቆጣኋት። ወሬ የሚያመጣልኝ ሁሉ የሚጠይቀው የንዋይን ቤት ነው። እሱስ ቢመጣ? ስሙ ተነስቶ የእኔን ቢያይ «ትታኛለች» ብሎ ከደጅ ይመለሳል። አውቀው የለ? ኩሩ ነው።

መጋቢት 5

ፈረምኩ።

ሞተ የሚለውን አፌ አላወጣውም። የኮሚቴው ጸሐፊ ጽፎ አቀረበልኝ፣ እጄ ፈረመ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ለታፔላ ብቻ የሚሆን ወረቀት ነው፣ ከዚያ አያልፍም ብዬ ነበር... ቤቴ ስመለስ ደጃፌ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው! ለእድሩ የነገረችው ዘነበች ናት።

«ምን አደረግሽኝ?» አልኳት።

«ሞቷል ብለሽ ፈርመሽ ለቅሶ ሳትቀመጪ? ሰው ምን ይላል? ኮሚቴውስ?» በሹክሹክታ ነው። ጥቁር ሻሽ አሰረችልኝ።

መጋቢት 6

ለይምሰል ነበር የተቀመጥኩት። ዓይኔን ሸፍኜ፣ ጥቂት ተነፋርቄ ሊያልፍ። አንዴ «ንዋይዬ!» ስል ግን ማቆም አቃተኝ። አራት ዓመት አምቄ የያዝኩት ሁሉ ወጣ። ለካ አንድ ቀን እንኳ አልቅሼለት አላውቅም። በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

አሮጊቶቹ ጀርባዬን እያሻሹ «እሰይ፣ እርምሽን አወጣሽ» አሉኝ።

እርሜን ማን አውጪ አለኝ? ይቅር በለኝ ንዋይ።

መጋቢት 21

ታፔላው ተሰቀለ። አዲሱ ሕንፃ ባሕሩን አያይም፤ ነፋሱም አይደርሰንም። ማዶ ተሻግሬ አየሁት። ንዋይ ልብስ ስፌት። ነጭ በሰማያዊ። ያምራል፣ አይዋሽም። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ሊያይ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «ጥሩ መታሰቢያ ነው» አለኝ።

መታሰቢያ...

ሰሞኑን «ወሬ አለ እንዴ?» የሚለኝ ሰው የለም። ከወደብ የሚመጡት የጀልባ ሰዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ሚያዝያ 4

ሑመድ ከሞካ ተመለሰ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ወገቡን እየለካሁት ነበር። ሑመድ ጥቁር ልብሴን አይቶ በሩ ላይ ቀረ።

«አሁን ወደብ ላይ ነገሩኝ እህቴ። አላህ ይርሐመው።»

«አሚን።»

ሌላ ነገር ጠበቅኩ። ኢንሻአላህ አላለም። ሊወጣ ዞረ፣ ደግሞ ቆመ።

«እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። ሞካ ገበያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ልብስ ሰፊ አለ ብለውኝ... ዕድሜውም ልክ ነው። ሰዎች ሞቱን አይተው ካለቀሱለት ግን፣ ሌላ ሰው ነው መቼም።»

ሞቷል ብሎ ጽፎ ያስፈረመኝ ጸሐፊ ከላይ ቁልቁል አየኝ። ሜትሩን ከወገቡ ላይ አላነሳሁም። ስሙ ማነው? መልኩስ? ብቻውን ነው? ሚስት አለችው? ይህን ሁሉ ልጠይቀው ነበር። ሑመድ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል።

«አዎ» አልኩት። «ሌላ ሰው ነው።»