ሰባቱ የእማማ ጽዋዎች

ወንድም ጋሼ ናምጋይ፣

አንተ እማማ ለቡድሃ ውሃ የምታቀርብባቸውን ሰባቱን የመሠዊያ ጽዋዎች ለአንተ ሰጥታ እንደሞተች ትናገራለህ። አክስታችን ፔልደን ደግሞ “የሰጠችው ለእኔ ነው” ትላለች። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ እማማ ለጠየቃት ሁሉ “እሺ ልጄ” ነበር መልሷ።

ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለልህ። ጋዙ ሊያልቅ ነው።

ጽዋዎቹን ጠዋት ውሃ ሙላቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃውን ደፍተህ፣ አድርቀህ ገልብጣቸው። በመካከላቸው የገብስ ፍሬ የምታህል ክፍተት ይኑር። እኔ በጥድፊያ ስደረድራቸው እማማ “ኪንሌይ፣ ቡድሃን ለምን ታጣድፈዋለህ? እሱ እንደሆነ የሚያመልጠው አውቶቡስ የለም!” ትለኝ ነበር።

አንተ ሆስፒታል እጇን ይዘህ ስታድር ጽዋዎቹን አደራ ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ለፈተና ሄድኩ። ሦስት ቀን እንደሞሉ ቆዩ፤ ስመለስ ውሃው ላይ አቧራና ዝንብ ተንሳፍፎ አገኘሁ። እሷም አልፋ ነበር።
ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ጽዋዎቹን ይዤ ልሄድ ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ጨርቅ አንጥፌላቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ ትራሺጋንግ ለማስተማር ከመነሳቴ በፊት ሞላኋቸው፤ ፎቶዋ ፊት ቆሜም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “እማማ፣ ጽዋዎቹ ከናምጋይ ጋር ይቀራሉ” አልኳት።