የጋሽ ፋንግ ጥዶች

ውድ ጋሽ ፋንግ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። እርስዎ ካረፉ ግን ስድስት ዓመት ሆነዎት፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ቸገረኝ። ስለዚህ በእኛ በኩል ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ልጀምር፤ እንዲያውም ደስታ ላይ ነን። እኔን አያውቁኝም። ሻው ዌይሚን እባላለሁ። ሄፌይ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ በሚመጣው ወር ደግሞ ልጅዎን ሩዪንን አገባለሁ። አባት አረፈ ተብሎ ሳይነግሩት ልጁን ማግባት ነውር ነው። መቃብርዎ ፊት ቆሜ እንዳልናገር ደግሞ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ነገ መቃብርዎን ጠርገን ለሙታን የሚላከውን ወረቀት ስናቃጥል ይህም አብሮ ይደርስዎታል።

እንዴት እንደተፈቀደልኝ ግን ከእኔው አፍ ቢሰሙት ይሻላል፤ ነገሩ እርስዎንም ይነካል።

ሩዪን መጀመሪያ ቤት ይዛኝ የመጣች ዕለት ባለቤትዎ እትዬ ታን ፋብሪካ ውስጥ የሻይ ቅጠል ሲመርጡ በኖሩበት ዓይናቸው አገላብጠው አዩኝ። ከዚያ ሩዝ እየጨመሩልኝ፣ «ማዕድ ላይማ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው» አሉ። «እኔ ሁዋንግሻን ተራራ ላይ አውጥቼ አይቼው ነው የምወስነው። ትንፋሽ ሲያጥር የሰው ጠባይ ይወጣል።»

ሩዪን አብሬ ልሂድ ብትል፣ «አንቺ ካለሽ ይንጠባረርብኛል፤ አርፈሽ ቁጭ በይ!» ብለው አስቀሯት።

አሁን ጉዴን ልንገርዎት። እኔ የፉያንግ ሜዳ ልጅ ነኝ። በእኛ መንደር ትልቁ ተራራ የስንዴ ገለባ ክምር ነው፤ እሱንም ወጥቼው አላውቅም። ከፍታ ያብረከርከኛል። ፍሪጅ ልጠግን አሥረኛ ፎቅ ስጠራ እንኳን በረንዳው በኩል ዞር አልልም። ሩዪን ይህን ስለምታውቅ ከመሄዴ በፊት ጆሮዬን ይዛ መከረችኝ።

«ደከመኝ እንዳትል። ፈራሁ ደግሞ ጭራሽ እንዳትል። ከአንተ በፊት አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ተራራው ላይ አሞት ሲመለስ እናቴ በሩን ዘጋችበት። ልፍስፍስ ሰው አትወድም።»

እኔም ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። እትዬ ታን ለሁለት ሰው ሳይሆን ለሠርግ የሰነቁ ይመስሉ ነበር፤ በሻይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኪያር፣ ደረቅ ጎመንና የአሳማ ጮማ የተሞሉ ትንንሽ ቂጣዎች፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ሁለት ፔርሙዝ፣ ጃንጥላ፣ የምትታጠፍ በርጩማ ሳትቀር። «ተራራ ላይ ያለ ሱቅ ዓይን ያወጣ ሌባ ነው» አሉና ሁሉንም ጀርባዬ ላይ ጫኑት። እሳቸው ቀይ የጨርቅ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ደረጃውን ገበያ እንደሚሄድ ሰው ይወጡታል።

ግማሽ መንገድ ላይ በቀርከሃ ወንበር ሰው የሚሸከሙ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው እትዬ ታንን አይቶ ተነሣ፤ ቀጥሎ እኔን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ።

«እትዬ፣ ልጁን እንሸከምልዎት? ፊቱ እኮ የተቀቀለ ጎመን መስሏል!»

በደረጃው ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ታንም ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ደከመህ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እህ» አሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

እንዲህ እያልን ወጣን። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ በፍጹም እላለሁ፣ እሳቸው ይጠቁራሉ። በጠቆሩ ቁጥር ጉብዝናዬ ያነሰባቸው መስሎኝ የባሰ እሮጣለሁ። አንድ ስሙ የገነነ ጥድ አጠገብ ስንደርስ ሰው ፎቶ ለመነሣት ተሰልፏል። እኔም ልባቸውን ልግዛ ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ፣ ከጥዱ ጋር ላንሣዎት።»

«ጥድ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉና ጀርባቸውን ለጥዱ ሰጥተው እንቁላል መላጥ ጀመሩ። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ ዓይናቸው ደረጃው ላይ እንጂ ዛፍ ላይ አርፎ እንዳልነበር ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ምክንያቱን ግን አልጠረጠርኩም።

ከዚያ የሰማይ መዲና ወደሚባለው ጫፍ ዞርን። እዚያ ያለውን፣ የዓሣ ጀርባ የሚባለውን መተላለፊያ እርስዎ አላዩትም። ድንጋዩ ስሙን ይመስላል፤ ጠባብ፣ ሙልጭ ያለ፣ በግራም በቀኝም ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ ወዲያ ደመና ብቻ። እትዬ ታን ገብተው መሐሉ ሊደርሱ ነው። እኔ አንድ እግሬን አስገባሁና ቀረሁ። ሌላው እግሬ የእኔ መሆኑን ካደ። ሰንሰለቱን ጨብጬ እንደ ምሰሶ ተገተርኩ።

«ወንድም፣» አለች ከኋላዬ የተሰለፈች አንዲት ሴት፣ «ትሄዳለህ ወይስ እዚሁ ልትበቅል ነው?»

ሩዪን ያለችኝ ትዝ አለኝ። ፈራሁ አይባልም፤ ታዲያ ምን ይባላል? ማዶ ከገደሉ ላይ አንድ ጥድ አየሁና እንደ ዘመድ በዓይኔ ሙጥኝ አልኩት።

«እትዬ! ያንን ጥድ ይመልከቱማ! እንዴት ያምራል! ትንሽ ቆመን ብናየውስ?»

ዞሩ። ጋሽ ፋንግ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። በዚያ በጠባቡ ድንጋይ ላይ፣ ሰዎችን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ በጎን አልፈው ወደ እኔ ተመለሱ።

«የምን ጥድ?»

«ያ... ማዶ ያለው...»

«ጥድ ጥድ አትበለኝ! ምንህን ነው ያመመህ? ደረትህን ነው?»

«ኧረ በ...»

«በፍጹም ብትል ከዚህ ገፍትሬ ነው የምጥልህ! እውነቱን!»

አፌ ራሱ ተከፈተ። «ፈራሁ እትዬ። እግሬ እምቢ አለኝ። ከፍታ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ሩዪን አትናገር ብላኝ ነው።»

«ደረትህን አላመመህም?»

«አላመመኝም።»

«ክንድህንስ? አያልብህም?»

«ያልበኛል፤ ግን ፍርሃት ብቻ ነው!»

ሰንሰለቱን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። ከዚያ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ፣ ልጅ ተወለደ ብሎ እንደሚያበሥር ሰው ጮኹ፤ «ፈርቶ ነው! ምንም አልሆነም፣ ፈርቶ ብቻ ነው!» ሕዝቡም አላሳፈረኝም፤ «በርታ! አይዞህ!» እያለ ተራራውን አናጋው። ያቺ የተረበችኝ ሴት ከሁሉም በላይ ጮኸች።

«የጃኬቴን ጫፍ ያዝ» አሉኝ። «ወደ ጎን አትይ። ጫማዬን ብቻ እያየህ ና።»

የቀይ ጫማቸውን ስፌት እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ሆነን ተሻገርን፤ ጫፉ ላይም ወጣን። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። እኔ ግን ጀርባዬን ለድንጋይ ሰጥቼ ተቀምጬ ስለነበር ውበቱን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እትዬ ታን እንቁላል ልጠው ሰጡኝና ስለ እርስዎ ያወሩልኝ እዚያ ነው።

«እኔና ባሌ ስንመጣ ይሄ ጫፍ ዕረፍት ላይ ነበር» አሉ። «ሣሩ እስኪያገግም ዘግተውት። ‹ተራራው የት ይሄዳል? ሲከፈት እንመጣለን› አለኝና ሎተስ ወደሚባለው ሌላው ጫፍ ወጣን። በየመንገዱ ይቆማል። ‹ያንን ጥድ እዪው! ያኛውንስ?› ይለኛል። እኔ ሞኝ ጥድ ወዳድ ነው ብዬ ጥድ የተሣለበት ፔርሙዝ ገዛሁለት፤ ጥድ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ገዛሁለት፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ወር ሳይሞላው ልቡ ቆመ። ሐኪሙ ደረቱን ካመመው ቆይቷል አለኝ። ጥዱ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።»

«የጥርስ ሐኪሙስ?» አልኳቸው።

«እሱማ! ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ‹ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም› ይለኛል። ልጄ እንደኔ የቀን መቁጠሪያ ስትገዛ ትኑር? አንተ ግን ተናገርክ። ዘግይተህ ነው፤ ግን ተናገርክ።»

«እትዬ፣ ታዲያ እኔ...»

«አሁንም እትዬ? እንቁላሌን እየበላህ?»

«ደንቡ እኮ እናት ብሎ መጥራት ሠርጉ ቀን ሻይ ቀርቦልዎ ነው...»

«ደንቡን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? በል ጥራኝ!»

«እማ» አልኩ፤ አፌ እንቁላል እንደሞላ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንወርድ የመጀመሪያው ጥድ ጋ ቆሙ። ቀና ብለው የሻይ ቅጠል እንደሚመርጡ ሁሉ አዩት። «ይሄ ጎብጧል» አሉ። ሁለተኛው ጋም ቆሙ። «ይሄ ደህና ነው።» ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ።

«እማ፣ ደክሞዎት ነው ወይስ ጥዱን እያዩ ነው?»

«ሁለቱም ነው» አሉ። «ደክሞኛል፣ ጉልበቴም አሞኛል፣ ጥዱም ያምራል።» በርጩማዋን ዘርግቼላቸው እስኪበቃቸው ተቀመጡ።

ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰሙ አንድ ነገር ጨምርልኝ ብለውኛል፤ እንዳሉት እነሆ፦ «አየኋቸው በለው። እውነትም ያምራሉ። ደክሞኛል ቢለኝ ግን ድንጋዩ ላይ አብሬው እቀመጥ ነበር።»

እኔም በበኩሌ ቃል እገባለሁ፤ ሩዪንን ጥድ አሳይቼ አላታልላትም። እናም ፈቃድዎ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ማለቴን ልተው።

አባባ፣ ነገ አርፍደን ብንደርስ አይጨነቁ። መቃብርዎ ዳገት ላይ ነው ብለውኛል። ሦስታችንም ደከመን እያልን፣ በየድንጋዩ ላይ እየተቀመጥን ነው የምንመጣው።

ልጅዎ
ዌይሚን