ሠርጉን ያልጠበቀ ወረቀት

ውድ ፋኒንድራ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደሆንክ እህትህ ነግራኛለች። ከኮሌጁ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተሃል፣ ሩዝህን ራስህ እያሳረርክ ትበላለህ፣ ለዲፓቫሊ በዓል እንኳ የእናትህን ደጃፍ አልረገጥክም። እኔ ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቤት ከገባሁ እንደማልጽፈው ራሴን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ አንተ የምታውቀውን ላስታውስህ። አሥራ ሁለት ዓመት በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ከኖርኩ በኋላ የግሪን ካርድ ተራዬ ባለፈው ኤፕሪል ደረሰ። በዚያው ወር እኔና አንተ ተጫጨን። ሕጉን ከእኔ በላይ አጥንተኸው ነበር፤ እንደ ሒሳብ መምህርነትህ በወረቀት ላይ ሥለህ ሁሉ ልከህልኛል። ካርዱ ሳይወጣ ከተጋባን በእኔ ማመልከቻ አብረኸኝ ትገባለህ፤ ካርዱ ሠርጉን ከቀደመ ግን እንደ አዲስ ተሰልፈህ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ትጠብቃለህ። እዚህ አሜሪካ፣ ኤዲሰን ከተማ ያለ የሕንድ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ሮጦ የሚያገባው ለዚህ ነው።

አንተም እንሩጥ አልክ። ‹‹ጁን ሳያልቅ ቤተ መቅደስ ሄደን እንጋባና እንፈራረም፤ ድግሱ ይደርሳል›› ስትል እናትህ ስልኩን ነጠቀችህ።

‹‹ኮከብ ቆጣሪው በጁን ለሁለታችሁ የሚሆን ሰዓት አላገኘም። ከዚያ አሻዳም ይገባል። በአሻዳም ማን ይድራል?››

‹‹እማ፣ የአሜሪካ መንግሥት አሻዳም የሚባል ወር አያውቅም!››

‹‹ባያውቅ ነዋ እንዲህ የሚያንከራትታችሁ! ኦገስት አሥራ ሦስት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። አንዲት ደቂቃ አታልፍም፣ አትጎድልም።››

ሳቅን። ያኔ እስቅ ነበር። ጁላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ በአሻዳም መካከል፣ ካርዴ ጸደቀ። ‹‹በድንገት መጣ›› አልኩህና አለቀስክ። ከዚያ እናትህን ‹‹ለአንድ ወር ብለሽ ትዳሬን በላሽው›› ብለሃት ከቤት ወጣህ፤ ሠርጉም ሳይሆን ቀረ። አንተ የምታውቀው ይሄንን ነው።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ካርዱ በድንገት አልመጣም። የኢሚግሬሽን ጠበቃዬ ገና ድሮ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ ‹‹የሐኪም ምርመራ ወረቀትሽ ይጎድላል። በደብዳቤ ይጠይቁሻል፣ ሦስት ወር ያህል ጊዜም ይሰጡሻል። ያለዚያ ወረቀት ካርድ አይወጣም። ስለዚህ አግቢና ላኪ።›› ይህን ነው ያልነገርኩህ። የኮከብ ቆጣሪው ሰዓት ምንም አይጎዳንም ነበር። ኦገስት ደርሶ ተጋብተን፣ ተፈራርመን፣ ጊዜ ይተርፈን ነበር።

ደብዳቤው ጁን ሃያ መጣ። ተመረመርኩ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። ፖስታው መኪናዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንደ ተሳፋሪ ይዤው ዞርኩ። በዚያው ሰሞን ሥራ ቦታ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው አባረሩት። እንደ እኔው በቪዛ ነበር፤ አገሩን ለመልቀቅ ስልሳ ቀን አለው። ፈርቼ ነው ያደረግሁት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም። በምሳ ሰዓት ፖስታውን ይዤ ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። ስለ ዳክሻ ነግሬሃለሁ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ጸሐፊ።

‹‹አንቺ፣ ሠርጉ ኦገስት አይደል እንዴ?›› አለችኝ።

‹‹ነው።››

‹‹ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ሙሽራውን ደጅ ትተሽ በሩን ልትቀረቅሪው ነው?››

‹‹ላኪው፣ ዳክሻ።››

‹‹እስቲ ዛሬ እደሪበት። ነገ ነይ በይኝና እኔው ቤትሽ ድረስ እመጣለሁ።››

‹‹ላኪው አልኩሽ።››

በራሴ ፈቃድ መሆኑን አስፈረመችኝ። ከሕንፃው ሥር ሁለት ሳሞሳ ገዝቼ በላሁ። ጥሩ ነበር።

ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ኢሚግሬሽኖቹ ‹‹ቆዪ›› ሲሉኝ ቆየሁ። አባቴ ሲሞት እንኳ ከወጣሁ መመለሻ አጣለሁ ብዬ ቆየሁ፤ አስከሬኑን ሲያቃጥሉት በስልክ አየሁ። እናትህ ‹‹ቆዩ›› ስትል ድምፅዋ ከእነሱ ድምፅ ጋር ተቀላቀለብኝ። ይህ ግን ሰበብ ነው። እውነቱ፣ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ካንተ ይልቅ ካርዱን ፈለግሁት። ወድሃለሁ፤ ግን እሱን ፈለግሁት።

እናትህ በየእሁዱ ትደውልልኛለች። አታውቅም አይደል? ‹‹ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይቅር በይኝ›› ትላለች። እኔ ደግሞ ‹‹ኧረ ግድ የለም፣ እማማ›› እላለሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አራት እሁድ ይቅር ብያታለሁ።

ያለፈው እሁድ ደውላ ስለት መሳሏን ነገረችኝ። አንተ ወደ ቤት እንድትመለስ፣ ስለ በደሏም፣ በዚህ ሐሙስ ቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ ሄዳ ጸጉሯን ልትላጭ። በስልሳ ስድስት ዓመቷ፣ ያንን ወገቧ ድረስ የሚወርድ ጸጉር። ግድ የለም ልል አፌን ከፈትኩ፣ እንቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ሦስቱን ወር፣ ዳክሻን፣ ሁሉንም።

በእሷ ደጃፍ ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር።

‹‹ለሌላ ሰው ነግረሻል?›› አለችኝ።

‹‹ለማንም።››

‹‹እንግዲያው ለእሱ እንዳትነግሪው። በእናቱ የተቆጣ ልጅ ይዋል ይደር እንጂ ይመለሳል። በእጮኛው የተቆጣ ግን እንጃ። እኔ ላይ ይቅር፣ ልጄ። ጸጉር እንደሆነ ይበቅላል።››

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ ብልህ ውሸት ነው።

እሺታዬን ይኸው አፈረስኩት። በፖስታ ቢሆን ስለማይደርስ ፎቶ አንስቼ በስልክህ እልክልሃለሁ። ባቡሩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ከካኪናዳ ጣቢያ ይነሳል፤ ብቻዋን ናት። እኔን ለመጥላት ብዙ ጊዜ አለህ። መጀመሪያ እሷን ድረስባት።

ሂማቢንዱ