ከቀብሯ በኋላ ወደ ሦስተኛ ክፍል ስለተዛወረችው እህቴ

ዝግባ አፋፍ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቀለመ ወርቅ
የአውራጃችን ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ባለፈው ግንቦት የኛን ቁልቁለት ሲወርዱ በቅሎዎ ስታነክስ አይተን ነበርና ስለ እርሷ ስናስብ ከርመናል። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። አንዲት ብቻ ጎድላናለች፤ እርሷም በመዝገብዎ ላይ አልጎደለችም።

እኔ ደምሌ በላይነህ የምባል፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት የሆነ፣ የዝግባ አፋፍ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዲሬክተራችን መምህር ተክለሃይማኖት ስለ ግድግዳው የጻፉልዎ ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ስለ ጠፉ፣ ይህን ሳላሽግ ልኬልዎታለሁ፤ ሌላ ቅጂውንም አርብ ገበያ መግቢያ ባለው ወይራ ላይ ለጥፌዋለሁ። ገበያተኛው ማንበብ ባይችል እንኳ የሚያነብለት አያጣም፤ ብዙ ሰው የሰማው ደብዳቤም በቀላሉ አይጠፋም ብዬ ነው። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ በሁለተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረ። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ቤት ይለቀለቃል እንጂ ለእንግዳ ስንጥቅ አይታይም። ስለዚህ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታዝዘን፣ ጭቃ በጭድ አቡክተን ስንጥቁን መረግነው፤ በላዩም በእበት ለቀለቅነው። ያን ጥግ የመረግሁት እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ ደጊቱ ውኃ በቅል እያመላለሰች ታቀብለኝ ነበር፤ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል፣ ሰነፍ!» እያለችም በጣቷ ታሳየኝ ነበር። እርስዎም በእንግዳ መዝገባችን ላይ «ግድግዳው ንጹሕና ያማረ ነው፤ ለሌሎች አርአያ ይሁን» ብለው ጽፈውልናል። የእጅ ሥራዬን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲህ ያመሰገነው ሰው የለም።

ሁለተኛ፤ ሰኔ 7 ቀን፣ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ሳያባራ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ ወንበር ስለሌላቸው እያንዳንዱ ከቤቱ ባመጣው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ደጊቱም ጣሪያው የማያፈስበትን ቦታ ለመያዝ በማለዳ እየሄደች ድንጋይዋን ከዚያ ጥግ ሥር አድርጋ ነበር። ሌሎቹ ተርፈዋል። በዚህ ነገር ቅሬታ የለኝም፤ ቢኖረኝ የምጽፈው ለራሴ ነበርና።

ሦስተኛ፤ ስለ ትምህርት ጥራት። ሰኔ 30 ቀን የደጊቱን የውጤት ካርድ ተቀበልሁ። በሕይወት ሳለች በሂሳብ ከመቶ አርባ አንድ ያገኘች ልጅ፣ ከተቀበረች በኋላ ስልሳ ስምንት አግኝታለች። አማርኛዋም ተሻሽሏል። «የቀረችባቸው ቀናት» በሚለው ፊት «የለም» ይላል፤ «ጠባይ» በሚለው ፊት «ጸጥተኛ ናት» ይላል። ወደ ሦስተኛ ክፍልም ተዛውራለች። በትምህርት ቤታችን የትምህርት ጥራት ከፍ ማለቱን በመግለጫዎ ላይ ጽፈዋል ሲባል ሰምተን፣ አርባ ሆነን በአንድ መጽሐፍ የምናነበው እኛ፣ ጥራቱ የት እንደ ተቀመጠ ግራ ገብቶን ነበር። ካርዱን ሳይ ገባኝ።

መምህር ተክለሃይማኖትን አልወቅስም፤ ካርዱን ሲሰጡኝ ቀና ብለው አላዩኝም። የተማሪው ቁጥር ከመቶ ሃያ የጎደለ ትምህርት ቤት አንድ መምህሩን ለሌላ እንዲለቅ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እኛ ከነደጊቱ ልክ መቶ ሃያ ነን። ስሟ ከተሰረዘ መምህር ገብረ ኢየሱስ ይሄዳሉ፤ እርሳቸው ከሄዱ ስድስተኛ ክፍል ይዘጋል፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወርጄ ሰባተኛ ክፍል እገባለሁ ያልሁት እኔም ወደ ሞፈርና ቀንበሬ እመለሳለሁ። እንግዲህ ታናሽ እህቴ ከመቃብር ሆና ታስተምረኛለች ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ስም ጥሪ። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ስም ሲጠራ «ደጊቱ በላይነህ» ይባላል፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል ሰልፍ ውስጥ «አቤት» እላለሁ። ቤታችን ከሜዳው በላይ ስለ ሆነ ጥሪው ለእናቴ ይሰማታል። በአርባ ቀኗ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ደጊቱን ፈትተዋታል፤ መዝገብዎ ግን እስከ ዛሬ አልፈታትም። በመስከረም አንድ ቀን እናቴ የያዘችውን ሥራ ጥላ አጥሩ ዘንድ ወጥታ፣ ማን «አቤት» እንዳለ ለማየት አንገቷን አስግጋ ቆማ አየኋት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ከጥሪው ቀደም ብላ ወንዝ ትወርዳለች፤ እንስራው ሙሉ ቢሆንም ትወርዳለች።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው፤ ስሟን ይሰርዙልን፣ መምህሩንም ይተዉልን። ሁለቱ አብረው የማይሆኑ ከሆነ ግን የትኛውን እንደምለምን አላውቅም። ይህን በመጻፌ መምህሩን ብናጣ ጓደኞቼ ይቅር እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ ባልጽፍም የእናቴን ዓይን ማየት አልቻልሁም። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እርስዎ ብዙ የተማሩ ነዎትና ይምረጡልኝ።

ግድግዳ ማማሩን የሚያይ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ የሚያድሩበት ጣሪያ አያፍስስ፤ የሚደገፉት ግድግዳም ይጽናልዎ፤ ልጆችዎም ስማቸው ሲጠራ ራሳቸው «አቤት» ለማለት ያብቃቸው እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የመረግሁትን የማልረሳ ታዛዥዎ
ደምሌ በላይነህ
ለጊዜው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፤ በኅዳር ሊጎበኙን እንደሚመጡ ሰምተናል። ይህም ደብዳቤ እንደ ሦስቱ ጠፍቶ ከሆነ፣ በዚያ ቀን ስም ሲጠራ አሁንም «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ድምፄ ግን ዘንድሮ ጎርንኗል፤ የእርሷን ለማስመሰል ብሞክርም አልሆነልኝም። የሦስተኛ ክፍል ሴት ልጅ በወንድ ድምፅ ስትመልስ ቢሰሙ እባክዎ አይደንግጡ፤ ይህንንም ከትምህርቱ መሻሻል ጋር አብረው ይመዝግቡልን።